ለሳቢሃ ምኗ ነሽ?

ፈድሊያን ላታልል ብሎ የሚነሳ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይነሳ፤ እሱም ከቀናው ነው። የጅማው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ወተት ሻጯ «ወላሂ ውሃ የለበትም» ካለቻት «ውሃ ከሌለበት አላህን ምን አስጠራሽ?» ብላ ጥላት ትሄዳለች። መንገድ ላይ «ዛሬማ አምሮብሻል» የሚላት ሰው «ምን ፈልገህ ነው?» ይመለስለታል። ባጃጁ ያለወትሮው በአቋራጭ ከታጠፈ ስልኳን አውጥታ ለማንም የማትልከውን ፎቶ ታነሳለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ሰው የሷ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም እያሉ ጎረቤቶቿ ያሟታል። እነሱ ለቀልድ ይበሉት እንጂ ዘመድ የሚባለው ነገር ላይ ነበር የፈድሊያ ቁስል።

እንጀራዋ ማስተርጎም ነው። ቡና ገዢ ፈረንጅ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ ሲሄድ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው እሷ ናት። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳትተነፍስ ትመላለሳለች፤ እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ግን ቆም ትላለች፣ ያውም ነገሩ ስለ ሰው ከሆነ። አንዴ ጎማ ወረዳ ውስጥ አንድ ፈረንጅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ከበው የተበላሸውን የሚለቅሙ ሴቶችን በአገጩ እያመለከተ «ዎርከርስ ናቸው?» አላት። ሠራተኞች ናቸው ብትል ደመወዛቸው ስንት ነው ሊላት ነው፤ ደመወዝ ደግሞ የላቸውም። ፋሚሊ ብትል ውሸት ነው። ሄልፐርስ ብትል የቤት ሠራተኛ ልታስመስላቸው ነው፤ ሴቶቹ ቢሰሙ ቆዳዋን ይገፏታል። ሴቶቹ በደቦ የመጡ ናቸው፣ ነገ ባለቤቱ በተራው ሊያግዛቸው። አውጥታ አውርዳ «ኔበርስ» አለች፣ ጎረቤቶች። ሰውዬው ጎረቤት በነጻ ሲሠራ አይቶ አያውቅ ኖሮ እሷንም ሴቶቹንም በጎሪጥ ሲያይ ዋለ። እሷም መልሳ ጠረጠረችው። ሁለቱ ሲጠራጠሩ ውለው ጅማ ሲደርሱ በክብር ተሰነባበቱ።

«ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሻል? አንዱን ጣል አድርጎ ማለፍ ነው እንጂ» ይሏታል። እሷ አታልፍም። እንግሊዝኛን ስትማር መጀመሪያ ነገር እንጀራ ትዝ ብሏትም አያውቅ። አንድ የምታጣራው ጉዳይ ነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈድሊያ ገና ድክ ድክ ስትል እናቷ ሞተችባትና ከጌራ በቡና መኪና ተጭና ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ሳቢሃ ቤት ገባች። ሳቢሃ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ ፋሂም የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ሕፃኗን ተቀበለቻት፣ «ልጄ» አለቻት። ኦሮምኛው ሲቀናት «ኢንተላ ኮ» ትላለች፤ ያው ልጄ ማለት ነው። የአባቷ ስም ግን እንዳለ ቀረ፣ ሸኹ «ልጅ በአባቱ ይጠራል» ብለዋልና። ትምህርት ቤት ስትገባ የፋሂም አባት ስም አንድ፣ የሷ አባት ስም ሌላ ሆኖ ተነበበ። ልጆቹ ዞረው አዩዋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቧ አላረፈም።

የዚያን ጊዜ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ ያልነበረችበት ቤት ጥቂት ነው። ሁሉም «ልጄ» ይባላሉ። አንዷ ልጄ ተብላ ትማራለች፣ ትዳራለች። ሌላዋ ልጄ ተብላ ልብስ ታጥባለች፣ ማዕድ ቤት ትተኛለች፣ አንድ ቀን ሲመራት ጠፍታ ትሄዳለች። ፈድሊያ ከየትኛዋ ናት? ትምህርት ቤት ተላከች፣ ደግ። የዒድ ልብሷ ከፋሂም እኩል ተሰፋ፣ እሰይ። ውሃ የምትቀዳው ግን እሷ፣ ቤት የምትጠርገው እሷ፤ ፋሂም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። ወንድ ስለሆነ ነው ይባል ይሆናል፤ ለተጠራጣሪ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ውሃ አያነሳም። እንግዳ መጥቶ «ይቺ ማን ናት?» ሲል ሳቢሃ «ልጄ ናት» ትልና ወዲያው ስለ ዝናቡ ታነሳለች። ዝናቡን ምን አመጣው? ምን ልትሸፍን ነው?

ጉዲፈቻ የሚባል ወግ እንዳለ ታውቃለች። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ የተወሰደ ልጅ ከማኅፀን እንደወጣ ይቆጠራል፤ ያንን ልጅ አልተወለድክም ብሎ አፍ መክፈት ትልቅ ነውር ነው። እንግዲህ ስለሷ ዝም የተባለው ወይ እንዲያ የከበረች ልጅ ሆና ነው፣ ወይ ደግሞ የሚነገር ነገር ስለሌለ ነው። ዝምታው ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ይህን የመሰለ ዝምታ ለፈድሊያ መስጠት ማለት እሳት ላይ ጋዝ መርጨት ነው። ጠይቃ እንዳትገላገል ደግሞ ፈራች። «ሥራ እንድታግዢኝ ነበር የመጣሽው» ብትባልስ? ያ ቃል ከወጣ በኋላ በየት በኩል ገብታ ትተኛለች?

ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ስለ ቤተሰብ ጻፈ። ዶተር፣ የተወለደች። ስቴፕ ዶተር፣ የእንጀራ ልጅ። አዶፕትድ፣ ማደጎ። ኒስ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ። ወረድ ብሎ ሜይድና ሰርቫንት፣ የቤት ሠራተኛና አገልጋይ። ፈድሊያ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰው ሁሉ በየመደቡ! ልጄ ብሎ መደባበቅ የለም። አንድ ቀን ከዚህ ቤት አንዱ ስለ እኔ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ያን ቀን እይዘዋለሁ አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ክፍሉን ሁሉ ጥላ በረረች። ሳቢሃ «ልጄ ጎበዝ ናት» እያለች ለደንበኞቿ ስታወራ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ልጄ ትላለች አሁንም» ትል ነበር።

ፋሂም አደገ፣ አጋሮ ላይ ቡና ነጋዴ ሆነ፣ እንግሊዝኛም ቀማመሰ። አንድ ቀን ለውጭ ገዢ ሲያስተዋውቃት የፈድሊያ ጆሮ ቆመ። ወንድምዬው ፈገግ ብሎ «ዚስ ኢዝ አወር ፈድሊያ» አይል መሰላችሁ! የኛ ፈድሊያ! የኛ ምን? የኛ እህት? የኛ ሠራተኛ? የኛ መኪናም ይባላል፣ የኛ በግም ይባላል። ያን ዓመት ሙሉ ፊቷን አጨፈገገችበት። እሱ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ካጋሮ ማርና ሙዝ ሲያመላልስላት ከረመ። ማሩን ስትቀበለው «ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚክሰኝ?» ብላ ደግሞ ሌላ ጠረጠረች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ የሳቢሃ እግር ታመመ። ስኳር አለባት፤ አውራ ጣቷ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ጠቆረች። በዚያው ሰሞን የቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የውጭ ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ ሆስፒታል መጥተው ነበር። የሚያስተረጉሙላቸው ፈድሊያና ኖህ ናቸው። ኖህ ከደቡብ መጥቶ ጅማ የከረመ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ሰባኪ ሲመጣ እያስተረጎመ እንግሊዝኛ የለመደ፣ ረጋ ያለ የልጆች አባት ነው። ሥራ ሲጀምሩ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረዋቸዋል፤ ለራሳችሁ ዘመድ አታስተርጉሙ፣ ዘመድ ክፉውን ወሬ ያለዝባል፤ የናንተ ሰው ሲገባ አልጋው ጎን ተቀመጡ፣ ሥራውን ለሌላው ስጡ።

የሳቢሃ ተራ ደረሰ። ፈድሊያ ወገቧን ደግፋ አስገብታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሐኪሟ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ረጅም ፈረንጅ ናት። አያያዛቸውን አይታ ጠየቀች፤ ዶተር ነሽ? ሬላቲቭ ነሽ? ወይስ ኬርጊቨር? ልጇ፣ ዘመዷ፣ ወይስ አስታማሚዋ ማለቷ ነው። ሦስቱን ቃላት ደርድራ ምረጪ አለቻት።

ፈድሊያ ስትጠብቀው የኖረችው ቀን ይኸውና! ግን ዶተር ብትል ምን ይጠቅማታል? እሷ አለችው እንጂ ሳቢሃ አላለችው፤ ለራስ መመስከርማ ሌባም ያውቅበታል። እንደ ደንቡ አልጋው ጎን ተቀምጣ ሥራውን ለኖህ ብትሰጥም ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። አስተርጓሚ ነኝ ብትል ግን ሐኪሟ ወደ ሳቢሃ ዞራ ማን አለሽ ማለቷ አይቀርም። ያኔ ሳቢሃ በራሷ አፍ መናገር አለባት፣ ዝናቡን ብታነሳም አያድናትም።

«አይም ዚ ኢንተርፕሪተር» አለች። አስተርጓሚ ነኝ።

ከሳቢሃ ጎን ተነሳችና ሄዳ ከሐኪሟ ጎን ቆመች። ሐኪሟ እግሩን አገላብጣ አየች፣ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ፈድሊያ ለማታውቃቸው አሮጊቶች እንደምታደርገው ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሐኪሟ የምትለው፣ ቁስሉ ወደ ላይ ሳይወጣ እግርዎ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቢቆረጥ ይሻላል ነው። ብቻዎን እንዲወስኑት አትፈልግም። ቤተሰብ ላናግር ትላለች። ልጅ አለዎት?»

ሳቢሃ ቀና ብላ አየቻት። መጀመሪያ የቀልድ መሰላት። «ሜ ፈድሊያ፣ ተይ እንጂ» አለች ፈገግ እያለች።

«ልጅ አለዎት ወይ ነው የምትለው።»

ፈገግታው ከሳቢሃ ፊት ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ፈድሊያን አየች፣ ሐኪሟን አየች፣ እንደገና ፈድሊያን አየች። ሒጃቧን አስተካከለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«አለኝ» አለች ሳቢሃ። «ወንድ ልጅ አለኝ፣ ፋሂም ይባላል። አጋሮ ነው ያለው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ ይበሉልኝ።»

ይበሉልኝ! ሳቢሃ ፈድሊያን አንቱ አለቻት። ፈድሊያ ይህን አልሰማችም፤ የሰማችው «አንድ» የምትለዋን ብቻ ነው። «ዋን ሰን» ብላ አስተረጎመች። አላልኩም? አለች በሆዷ። ስጠረጥር የኖርኩት በከንቱ መሰላችሁ? ተጠራጣሪ ሰው ልክ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማው ክፉ ደስታ አለ፤ እሱ ሽው ብሎባት አለፈ።

ሐኪሟ ገርሟት «ታዲያ ማን አመጣት?» አለች። ፈድሊያ ይህንንም ጠየቀች።

«አንዲት ሴት ናት ያመጣችኝ» አለች ሳቢሃ። «አላህ ጀዛዋን ይክፈላት።»

ዉመን ትበል፣ ሌዲ ትበል? ፈድሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አልመረጠችም፤ አፏ ላይ የመጣውን ብላ ወጣች።

ደጅ ወጥታ አጋሮ ደወለች። «እናትህ ትፈልግሃለች፣ ሆስፒታል ና» ብላ ዘጋች። ፋሂም ጭቃ የለበሰች ፒካፑን እያስጮኸ እስኪደርስ ሐኪሟ ሌላ በሽተኛ ስታይ ቆየች፣ የሳቢሃ ጉዳይም ባለበት ተቀመጠ። ፋሂም ሮጦ ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ፈድሊያን ክንዷን ይዞ ከሰው ራቅ አድርጎ አቆማት።

«እማን ምን ብለሻት ነው?»

«እኔ? የተባልኩትን አስተረጎምኩ።»

«ማሎ ፈድሊያ! ‹ልጅቷ በሰው ፊት አፈረችብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሸክም አልሆንባትም፤ አንተም እንዳታስቸግራት› አለችኝ። ፈረንጅ ፊት የልብስ ሰፊ ልጅ ላለመባል ካደችኝ እያለች ታለቅሳለች። እማ ስታለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብላለች! በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ልጅ አለዎት ብሎ ማን ጠየቃት? የጎረቤት አሮጊት ናት?»

ይሄኔ በፈድሊያ ውስጥ ያ ሁሉ ዘመን የታመቀው ገነፈለ። «ታዲያ ምኗ ነኝ? ንገረኛ! ምናችሁ ነኝ? አንተ እንኳ ለፈረንጁ የኛ ፈድሊያ አልክ እንጂ እህቴ መች አልክ?»

ፋሂም ክንዷን ለቀቀ። ለዚህ ነበር እንዴ ያ ሁሉ ኩርፊያ? ዙሪያውን ቃኘ፣ «አስተግፊሩላህ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳልናገር አስምለውኛል። አንቺ በመጣሽ ሰሞን ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰበሰቡ። እማ ጭኗ ላይ አስቀመጠችሽ። አናትሽን ቅቤ ቀቡት፣ መረቁ። ‹ይህችን ልጅ አልወለድሻትም ያለ ከዚህ ቤት ቁራሽ አይቅመስ› ተባለ። እኔን ለብቻዬ ጠርተው አስማሉኝ፣ ልጅ ስለሆነ ያመልጠዋል ብለው። እማ እንግዳ ስለአንቺ ሲጠይቅ ወሬ የምትለውጠው ለምን ይመስልሻል? ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እንዳትሰሚ ነው። እህቴ እንዳልል ደግሞ በአባት ስም አንመሳሰል፤ ፈረንጁ እንዴት ካለ ማስረዳት ሊመጣ ነው። የኛ ያልኩት ለዚህ ነው።» ትንፋሹን ሳበ። «ይኸው፣ አልተወለድሽም ብዬ ነገርኩሽ። ቃሌን አስበላሽኝ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት አንቺ ነሽ! አሁን ደስ አለሽ?»

ደስ አላላትም። አፈረች፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ፊቷ ጋለ። ያን ሁሉ ዘመን ማታ ማታ እየተነሳች የቆጠረችው በደል፣ ውሃው፣ መጥረጊያው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ዞሮ እሷኑ ከሰሰ። የፈለገችው መልስ እጇ ገባ፤ ግን መልሱ እንዳይነገር ነበር የተማለው፣ እሷን ለማክበር። አስገድዳ አስነገረችው። ሌባ ፍለጋ ቤቱን ስታስስ ኖራ በሩን የሰበረችው ራሷ ሆነች።

እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሐኪሟ ፊት ቆማ «ይቅርታ፣ አይም ኸር ዶተር» አለች። ልጇ ነኝ።

ሐኪሟ ቅንድቧን ሰበሰበች። ጠዋት አስተርጓሚ፣ አሁን ልጅ? በሽተኛዋ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ አለኝ ብላ የለም ወይ? ያስተረጎምሽው አንቺ አይደለሽም? ፈድሊያ በሰው ላይ ስትጥለው የኖረችው ዓይን አሁን እሷ ላይ አረፈ፤ እንዲህ እንደሚበርድ አታውቅም ነበር። ሐኪሟ ፋሂም ሊናገር ሲል በእጇ አስቆመችውና ኖህን ጠራች፤ በሽተኛዋ ራሷ ትናገር አለች።

ኖህ ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። እኚህ ሴት ልጅዎ ነኝ ይላሉ። ሐኪሟ ከእርስዎ አፍ ልስማው አለች። ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

ሳቢሃ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የምትሰማ አትመስልም። ፈድሊያ አልጋው ግርጌ ቆማ ያቺን ሊቆርጧት ያሉትን እግር ታያለች፤ ቀና ብላ ፊቷን ለማየት አልደፈረችም። አንዲት ቃል፣ የፈለገችውን ቃል በመረጠችው ቋንቋ ትበላት፣ ሌላ አትሻም።

«እሷን ጠይቃት» አለች ሳቢሃ። «እኔማ ዕድሜ ልኳን ስነግራት ነው የኖርኩት። አላመነችኝም።»

ኖህ ትንሽ አሰበ፣ ሳቢሃን አየ፣ ፈድሊያን አየ። ለሐኪሟ «ሺ ሴይስ የስ» አላት። አዎ ትላለች። እንዲያ እንዳልተባለ ፈድሊያ ታውቃለች። ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ትርጉም ሰምታ ከቦታዋ ተነስታ ታርም ነበር፤ ዛሬ ዝም አለች። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና አልጋው አጠገብ ያለውን የቤተሰብ ወንበር አሳየቻት።

ፈድሊያ ሄዳ ወንበሩን ያዘች። «እማ» አለች ቀስ ብላ።

ሳቢሃ ዓይኗን ሳትገልጥ ትንሽ ጠጋ አለችላት። «ይቀመጡ» አለቻት።